«ዓይን አትሞላም»

(ደብረ ብርሃን ላይ ለሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተመራቂዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሳመጣው ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ ቁሩ ጠንከር ብሏል። ጋቢ ደርባችሁ የመጣችሁ ደግ አደረጋችሁ።

የመጣሁት ስለ ሥራችን ላወራ ነው። ግን ከበግ ልጀምር።

ያደግሁት መንዝ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ትንሽ ወጣ ብሎ። አባቴ በዓል ሲደርስ በግ ገበያ ያወጣል። እኔም እከተለው ነበር። ገዢ ይመጣል። ወገቡን ይዳብሳል፣ ላቱን በእጁ ይመዝናል፣ ጥርሱን ገልጦ ያያል። ይሄ ትክክል ነው። ሥጋ የሚገዛ ሰው ሥጋውን ይፈትሽ። ጥቁሩ በግ ጋ ሲደርስ ግን እጁን አይዘረጋም። ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ወይ ዋጋውን ሰብሮ ይጠራል። አባቴ «ሥጋው አንድ አይደለም እንዴ?» ይለዋል። ሰውየው «እሱስ አንድ ነው። ግን ጥቁር ነው» ይላል። በዚሁ ያበቃል።

የዚያው የጥቁሩ በግ ፀጉር ተሸልቶ፣ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ በርኖስ ሲሆን ግን የተከበረ ሰው ትከሻ ላይ ይወጣል። ይሄን በልጅነቴ ብዙ አስቤበታለሁ። በጉ አልተለወጠም። የተለወጠው የሚያየው ሰው የፈለገው ነገር ነው።

አዲስ አበባ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ያ ገዢ ትዝ አለኝ።

አንድ የክፍያ ሥርዓት እየሠራን ነበር። ግማሽ ዓመት ፈጅቶብናል። የባክኤንዱን፣ ማለትም ከጀርባ ሆኖ ሥራውን የሚሠራውን ክፍል፣ አብዛኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌሊት ሰርቨሩ ሲወድቅ የሚደወለው ለእኔ ነው። ለደንበኛው ዴሞ፣ የሥራው ማሳያ፣ የሚቀርብበት ቀን ደረሰ። ኃላፊያችን ጠራኝና «አንቺ እዚሁ ሁኚልን፣ ምናልባት የሚበላሽ ነገር ካለ። እሱ ያቅርበው» አለኝ። «እሱ» የሚለው ፍሮንትኤንድ፣ ተጠቃሚው የሚያየው ገጽ፣ ላይ የሚሠራ ባልደረባችንን ነው። ሎጋ ነው፣ ደም ግባት አለው፣ ሱፍ ልብስ ያምርበታል። ሰውም ይወደዋል፣ እኔም እወደዋለሁ። ደንበኛው የሚጠይቀውን እንድመልስለት ከአዳራሹ እየወጣ ይደውልልኝ ነበር። በኋላ አንዲት የሥራ ጓደኛዬ ኃላፊው ያለውን ነገረችኝ። «ጎበዝ ናት፣ ግን ዓይን አትሞላም።»

ቁመቴ አጭር ነው። ጉንጬ ላይ የልጅነት ቁርና የደጋ ፀሐይ የተዉት ማድያት አለ። እዚህ ከተማ ይሄ ምንም አይደለም፣ የብዙዎቻችሁ እናት ፊት ላይ አለ። እዚያ ቢሮ ውስጥ ግን እኔ ሳላውቅ ውጤት ይሰጠኝ ነበር።

እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ። አንድ ዴሞ ቀረብኝ ብዬ አይደለም። ደንበኛው የባልደረባዬን ስም ያዘ። ለቀጣዩ ፕሮጀክት «ያንን ልጅ ስጡን» አለ። ባልደረባዬ ቲም ሊድ፣ የቡድን መሪ፣ ሆነ። በዓመቱ መጨረሻ ደመወዝ ሲስተካከል ቲም ሊዱ ይበልጣል፣ መብለጥም አለበት። እያንዳንዱን ውሳኔ ለብቻው ብታዩት ስህተቱን አታገኙትም። ማንም ሰው «ይቺ አታምርም፣ ደመወዟን ቀንሱ» አላለም። ግን ጠብ ጠብ እያለ ጋን ይሞላል።

ለዓመታት የራሴ ችግር ይመስለኝ ነበር። ሳነብ ነው የተጠና ነገር መሆኑን ያወቅሁት።

ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1920 ያሳተመው ጽሑፍ አለ። የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን በየዘርፉ ይመዝናሉ። ለቁመና ለብቻ፣ ለብስለት ለብቻ፣ ለመሪነት ለብቻ፣ ለጸባይ ለብቻ። ውጤቱ ሲታይ ግን ነጥቦቹ ተያይዘው ይወጣሉ፣ ተያይዘው ይወርዳሉ። በቁመናው የተወደደው በብስለቱም በጸባዩም ከፍ ይላል። መኮንኖቹ አልዋሹም። የመዘኑ መስሏቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ዴቪድ ላንዲና ሃሮልድ ሲጋል የተባሉ ተመራማሪዎች ለወንድ ተማሪዎች ድርሰት ሰጧቸው፣ ለአንዳንዶቹ ጥሩ፣ ለሌሎቹ መጥፎ። የጻፈችው ሴት ናት ተባሉ። ለአንዳንዶቹ የቆንጆ ሴት ፎቶ፣ ለሌሎቹ ያልቆነጀች ሴት ፎቶ ተያያዘበት። ለቀሩት ፎቶ የለም። ድርሰቱ ያው ሆኖ እያለ ነጥቡ እንደ ፎቶው ተለያየ። ከሁሉ በላይ የነካኝ አንድ ነገር አለ። ልዩነቱ የሰፋው ድርሰቱ መጥፎ ሲሆን ነው። ቆንጆዋ ስትሳሳት ይታለፍላታል። ሌላዋ ስትሳሳት «ድሮም!» ትባላለች። አሁን ይሄን ወደ ኮድ ሪቪው፣ አንዱ የሌላውን ኮድ ወደሚያይበት ሥራ፣ አምጡት። አንድ ሰው ደንበኛ እየተጠቀመበት ባለው ሥርዓት፣ ፕሮዳክሽን ላይ፣ ቡግ (ስህተት) ሲያስገባ «ደክሞት ነው» የሚባለው ማን ነው? «አቅም የለውም» የሚባለውስ?

ገንዘቡንም ያሰሉት አሉ። ዳንኤል ሃመርሜሽና ጄፍ ቢድል እ.ኤ.አ. በ1994 የአሜሪካንና የካናዳን መረጃ ይዘው ባሳተሙት ጥናት፣ መልካቸው ዝቅ ተደርጎ የተገመተ ሠራተኞች መካከለኛ መልክ ካላቸው ከ5 እስከ 10 በመቶ ያነሰ ያገኛሉ። የሚያምሩት ደግሞ ከመካከለኞቹ ይበልጣሉ። ይሄ ፊልም የሚሠሩና ማስታወቂያ ላይ የሚቀርቡ ሰዎች ብቻ ሒሳብ አይደለም። መልክ ከሥራው ጋር ምንም የማይገናኝበት ቦታም ላይ ታይቷል።

እኛ ዘንድ «ኮድ ፊት የለውም» የሚል እምነት አለ። እኔም እሱን አምኜ ነው ወደዚህ ሙያ የገባሁት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ ኮምፒውተር ደስ ያለኝ ስለማያየኝ ነው። ኮምፓይለር፣ የጻፍነውን ኮድ ለማሽኑ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ቁመት አይጠይቅም። ሴሚኮለን ከረሳህ ለሁሉም እኩል ይጮኻል። ይሄ እውነት ነው፣ አሁንም እወደዋለሁ። ግን የሥራ ቀናችን ስንት በመቶው ከኮምፓይለር ጋር ነው? ኢንተርቪው የሚያደርገው ሰው ነው። ሥራ የሚያከፋፍለው ሰው ነው። በየዕለቱ አጭር ስብሰባ፣ በስታንድአፕ ላይ፣ ንግግራችሁን የሚያቋርጠው ወይ የሚያዳምጠው ሰው ነው። እድገት የሚሰጠውም እሱው ነው።

ለዚህ ከሁሉ የጠቀመኝ ከስዊድን የመጣ ጥናት ነው። አድሪያን ሜሂች እ.ኤ.አ. በ2022 አሳተመው። የተጠኑት እንደ እናንተው የምህንድስና ተማሪዎች ናቸው። እንደ ሒሳብና ፊዚክስ ባሉ፣ ውጤቱ በአብዛኛው በጽሑፍ ፈተና በሚወሰንባቸው ትምህርቶች መልክ ምንም አላመጣም። መምህሩና ተማሪው በሚገናኙባቸው፣ የቡድን ሥራና አቀራረብ በሚበዛባቸው ትምህርቶች ግን የሚያምሩት የተሻለ ውጤት አገኙ። ከዚያ ኮሮና መጣ። ትምህርቱ በኦንላይን ሆነ። መምህሩ ተማሪዋን ፊት ለፊት ማየት ሲያቆም የቆንጆ ሴቶቹ ብልጫ ጠፋ። የወንዶቹ ግን ባለበት ቆየ። ተመራማሪው የወንዶቹ ነገር ከመልካቸው ጋር አብሮ ከሚመጣ ሌላ ጠባይ ሊሆን ይችላል ይላል።

እስቲ የእኛን ቢሮ በዚህ ዓይን እንየው። ቴስቱ አለፈ፣ አላለፈም። ሰርቨሩ ስንት ጥያቄ ቻለ። ይሄ እንደ ሒሳብ ፈተናው ነው፣ ፊት አይገባበትም። የዓመቱ የሥራ ግምገማ ቅጽ ላይ ግን ሌሎች ነገሮች አሉ። «ኮሚኒኬሽን»። «ሊደርሺፕ»። «ለሲኒየርነት ደርሷል ወይ?» እነዚህ በምን ይለካሉ? ብዙ ቦታ መለኪያ የላቸውም። መለኪያ በሌለበት ቦታ ሁሉ ፊት ይገባል። የእኔ የሞት ሽረት ነገር ይቺ ናት። ከዛሬው ንግግር ሌላው ቢረሳችሁ ይቺን ያዙልኝ።

ስለዚህ ነው የመውጫ ፈተናን ሰው ሲያማ እኔ ሙሉ በሙሉ የማልስማማው። በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ ተማሪ ተጎድቷል፣ ዝግጅቱም ብዙ የሚነሳበት ነገር አለ። ግን ኮምፒውተሩ 50 እና ከዚያ በላይ ያመጣውን አለፈ ይለዋል። ፊቱን አላየም።

አሁን ስለ ሴቶቹ። እዚህ አዳራሽ ያላችሁ ሴቶች ሁለት ቦታ ነው የሚመታችሁ። እኔን «ዓይን አትሞላም» ብለውኛል። ጓደኛዬን ግን ሌላ ነገር ነው ያሏት። በጣም ቆንጆ ናት። ዳታቤዝ ላይ ከእሷ የሚሻል ሰው እስካሁን አላየሁም። ከባድ ነገር ሠርታ ስታመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አገዘሽ?» ነው። ስታድግ «እንዴት እንዳደገች እናውቃለን» ተባለ። ይሄን ያሉት ኮዷን አንድ ቀን ከፍተው ያላዩ ሰዎች ናቸው። እኔ አንሼ ታየሁ፣ እሷ ተጠረጠረች። ሁለታችንም ጋ ሥራው አልተነበበም።

ብራድሊ ራፍልና ዜቭ ሽቱዲነር እስራኤል ውስጥ ከ5,000 በላይ ሲቪ ለቀጣሪዎች ልከው ነበር። አንዱ ፎቶ አለው፣ አንዱ የለውም። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ቆንጆ ወንዶች በብዛት ተጠሩ። ከሴቶች መካከል በብዛት የተጠሩት ግን ፎቶ ያላያያዙት ናቸው። ቆንጆዋም ሆነች ያልቆነጀችው፣ ፎቶዋን ስታያይዝ ዕድሏ ቀነሰ።

ታዲያ እኛ አገር የሥራ ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ ምን ይላል? «ከማይመለስ ፎቶ ኮፒና ከሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ጋር።» ለምንድነው ጉርድ ፎቶው? ከተቀጠርኩ በኋላ ለመታወቂያ ካርድ ከሆነ ይገባኛል፣ ያኔ አመጣለሁ። ከመቀጠሬ በፊት ለባክኤንድ ሥራ ፊቴ ምን ያደርግላችኋል? ይሄን ጥያቄ ለብዙ የሰው ሀብት ባለሙያዎች አቅርቤያለሁ። «ድሮም እንዲህ ነው» ከሚል በቀር መልስ አላገኘሁም።

«መልክ የፈጣሪ ሥራ ነው፣ ምን ይደረግ?» የሚል ሰው አለ። እኔ ግን መልክ ከምንለው ብዙው የኑሮ ታሪክ ነው እላለሁ። ስምጥ ሸለቆ ያደገ ልጅ ውሃው ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ጥርሱ ቡኒ ይሆናል። በልጅነቱ በቅጡ ያልበላ ልጅ ቁመቱ ያጥራል። ከብት ሲጠብቅ የዋለ ልጅ ቆዳው ይጠቁራል፣ ከንፈሩ ይሰነጠቃል። ዓይን የሚሞላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥርሱ የታከመ፣ ሱፍ ልብስ የተገዛለት፣ በስብሰባው ስክሪን ላይ ከኋላው ነጭ ግድግዳና መብራት ያለው ልጅ ነው። ስለዚህ ፊት አይተን ስንመርጥ ሳናውቀው የወላጅ ኪስ እየመረጥን ነው። አበው «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» ይላሉ። መልኩ ያላማረ ሰው ድጋፍ የሚያስፈልገው ጎዶሎ ተደርጎ ከታየ ቆየ ማለት ነው። እኔ ይሄን ተረት ለልጄ አላስተምራትም።

ነገሩን ወደ ማሽን ብናስተላልፈውስ? የሶፍትዌር ሰዎች ስለሆንን ይሄ ሐሳብ ቶሎ ይመጣልናል። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩና ጆይ ቡኦላምዊኒ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ሥራ እዚህ ላይ መነበብ አለበት። ፊት አይተው ፆታ የሚለዩ የትልልቅ ኩባንያዎችን ሶፍትዌሮች ፈተሹ። ቆዳቸው ፈካ ያለ ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ነው። ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ማሽኑ የተማረው እኛ ከሰጠነው ፎቶ ነው። የገበያውን ሰውዬ ዓይን ወርሷል።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይከብደኛል፣ ግን መነገር አለበት።

ዓመታት አልፈው እኔም ቀጣሪ ሆንኩ። ቲም ሊድ ነኝ፣ ኢንተርቪው ላይ እቀመጣለሁ። ለአንድ ቦታ ሁለት ልጆች ቀረቡ። አንዱ ገና ሲገባ ክፍሉ በራ። ቀና ብሎ ይራመዳል፣ ሲያወራ ዓይን ዓይናችንን ያያል። ሌላው አንገቱን ሰበር አድርጎ ገባ፣ ጃኬቱ ሰፍቶታል፣ ድምፁ አይሰማም። የመጀመሪያውን ቀጠርን። እኔም ነጥብ ሰጥቻለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ወረቀት ስፈልግ የሁለቱን የጽሑፍ ፈተና አገኘሁት። ሁለተኛው ልጅ የጻፈው ኮድ በጣም የተሻለ ነበር። አንብቤው ነበር። አንብቤው እያለ ፊቱ አስረሳኝ። በእኔ የተደረገውን እኔው አደረግሁት፣ ያውም ያንን ገዢና ያንን ኃላፊ እያስታወስኩ። ልጁን ልደውልለት ፈለግሁ፣ ሌላ ቦታ ገብቷል ተባልኩ። ደስ አለኝ፣ አፈርኩም።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር ጥሩ ሰው መሆን እንደማይበቃ ነው። ስለ አድልዎ ማወቅም አይበቃም፣ እኔ አውቅ ነበርና። የሚያድነው ቅደም ተከተል ነው። ፊቱ ከመታየቱ በፊት ሥራው ይታይ።

አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። ሲቪ ሲመጣ አንድ ሰው ስሙንና ፎቶውን አንስቶ ቁጥር ይሰጠዋል። የጽሑፍ ሥራው በቁጥሩ ይታረማል። አራሚዎቹ ሁለት ናቸው፣ ሳይነጋገሩ ነጥብ ይሰጣሉ። ነጥቡ በእስክሪብቶ ይጻፋል፣ ይፈረምበታል። ከዚያ በኋላ ነው ሰውየው የሚጠራው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እንጠይቃለን። ከኢንተርቪው በኋላ የጽሑፍ ነጥቡን መለወጥ የፈለገ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስቀምጣል። «ኮንፊደንስ የለውም» የሚለው እንደ ምክንያት አይቆጠርም። ዴሞውንም የሠራው ሰው ነው የሚያቀርበው፣ ቢንተባተብም እንጠብቀዋለን። ብዙ ወጪ የለውም። የሚጠይቀው አንድ ፖስታና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

ስለ ኮንፊደንስ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ማርከስ ሞቢየስና ታንያ ሮዘንብላት እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ሥራው ኮምፒውተር ላይ የሚፈታ የመንገድ እንቆቅልሽ ነው። የሚያምሩት በመፍታት አልበለጡም። ግን በራሳቸው ይበልጥ ይተማመናሉ። ቀጣሪዎችም ከእነሱ የበለጠ ይጠብቃሉ፣ የበለጠም ይከፍላሉ። ይሄን ሳነብ አለቀስኩ። ድፍረት ከየት እንደሚመጣ ያሳያል። ከልጅነትህ ጀምሮ ሰው ፊትህን አይቶ ፈገግ ካለልህ ትደፍራለህ። ካለፈህ አንገትህን ትሰብራለህ። ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላህ «አንገቱን የሚሰብር ሰው አንፈልግም» ይሉሃል።

ስለዚህ «ሱፍ ልበሱ፣ ቀና በሉ፣ ፈገግ በሉ» ብዬ አልመክራችሁም። እንጀራ ነውና የቻላችሁትን ለብሳችሁ ሂዱ። ነገር ግን ሥራችሁ ከእናንተ ቀድሞ እንዲደርስ አድርጉ። ኮድ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ ጊትሃብ ላይ፣ አስቀምጡት። የሠራችሁትን በጽሑፍ ግለጹት፣ ቀን ያለበት መዝገብ ይኑራችሁ። ስብሰባ ላይ ሐሳባችሁን ሌላ ሰው ደግሞ ሲያወራው ከሰማችሁ፣ ከስብሰባው በኋላ በኢሜይል «ከላይ እንዳቀረብኩት» ብላችሁ ጻፉ። እኔ ያኔ ይሄን ባለማድረጌ ነው ግማሽ ዓመት ሙሉ የሠራሁት ነገር የሌላ ሰው ፊት ይዞ የቀረው።

አምና እንደዚያው በቁጥር ስንቀጥር በጽሑፍ ሥራው አንደኛ የወጣው «ሰባት ቁጥር» ነበር። ሁለቱም አራሚዎች፣ ሳይነጋገሩ፣ አንደኛ አድርገውታል። ለኢንተርቪው ጠራነው። ከደብረ ሲና ሌሊት ተነስቶ ነው የመጣው። ጫማው ላይ ጭቃ አለ፣ ሲቀመጥ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው፣ ድምፁ ከጉሮሮው አልወጣ አለ። ጥያቄዎቹን ግን በትክክል መለሰ። ሲወጣ አጠገቤ የተቀመጠው ባልደረባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ጎበዝ ነው፣ ግን ዓይን አይሞላም» አለኝ።

ምንም አልመለስኩለትም። ወረቀቱን ገፋ አደረግሁለት። የራሱ ነጥብ፣ በራሱ እስክሪብቶ፣ በራሱ ፊርማ። አንደኛ። ትንሽ አየውና ዝም አለ። ልጁ ሰኞ ጠዋት ሥራ ጀመረ።

አሁን ጥያቄ እንቀበል። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ከተቀመጣችሁት እንጀምር።